የነገሌ ሶሪትና የገበሬው ሾላ

ከክብረ መንግሥት ወደ ነገሌ ቦረና የሚወስደው መንገድ ከዋደራ በኋላ ጠባዩን ይለውጣል። እስከዚያ ድረስ ግራና ቀኙ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው፤ ዝግባና ቀረሮ ሽቅብ ተመዘው ፀሐይን ይከልላሉ። ቁልቁል እየወረድን ስንሄድ ግን አየሩ ይደርቃል፤ ዝግባው ለጥድና ለወይራ፣ ጥዱም ለግራር ቦታውን እየለቀቀ ይሄዳል። አፈሩ ይቀላል። ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የምስጥ ኩይሳ በየሜዳው ተገትሯል፤ ግመል የሚነዱ ልጆች መኪና ሲያዩ ዱላቸውን ከፍ አድርገው ሰላምታ ይሰጣሉ።

ነገሌ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ስሟ የሚያስታውሰው 1966 ዓ.ም.ን ነው። በዚያ ዓመት በጥር ወር እዚህ የሰፈረው ጦር በምግቡና በውኃው ጉዳይ አምፆ አዛዦቹን ያዘ፤ ብዙም ሳይቆይ አመፁ አገር አዳረሰ። እኔን ግን ወደ ነገሌ የወሰደችኝ ወፍ ናት፤ ከደቡብ ኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የማትገኝ ሶሪት።

ሶሪትን ብዙ ደገኛ ያውቃታል። ጉንጯ ላይ ነጭ ያላት፣ ስትበር ክንፏ ደማቅ ቀይ የሚሆነው፣ ከመናገሻ ደን እስከ ወንዶ ገነት የምትታየዋ ያቺ ናት። የነገሌዋ ግን የእሷ እህት እንጂ ራሷ አይደለችም። ጉትያዋ ነጣ ያለ የቅቤ መልክ አለው፤ በዐይኗ ዙሪያ ቀይ ቀለበት አላት፤ የምትኖረውም በነገሌ ዙሪያ፣ በገናሌ ሸለቆ፣ ከዳዋ ማዶ እስከ አሬሮና በአቅራቢያው ባሉ ደኖችና ወንዝ ዳሮች ብቻ ነው። የአእዋፍ አጥኚዎች «የልዑል ሩስፖሊ ሶሪት» ይሏታል።

ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ከበርበራ ተነሥቶ፣ የሶማሌን ምድር አቋርጦ፣ በገናሌና በዳዋ በኩል ወደ ውስጥ የዘለቀ ወጣት ጣሊያናዊ ልዑል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 መጨረሻ ላይ ቡርጂ አካባቢ ሲያድነው የነበረ ዝሆን ገደለው። ጓዙ አገሩ ሲደርስ ከተሰበሰቡት የወፍ ቆዳዎች መካከል አንዲት ማንም የማያውቃት ሶሪት ተገኘች። መቼና የት እንደተያዘች የሚገልጽ ጽሑፍ አልነበረባትም፤ የሚያውቀው ሰው ደግሞ ሞቷል። ቶማሶ ሳልቫዶሪ የተባለው የአእዋፍ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1896 የሟቹን ስም ሰጣት። ያ ዓመት የዓድዋ ዓመት ነው። ኋላ ላይ ሌላ ሊቅ እሷንና ነጭ ጉንጯን እህቷን በአንድ ወገን መድቦ ወገኑን በምኒልክ ስም ሰየመው፤ ስለዚህ ዛሬ በሳይንሳዊ ስሟ ውስጥ ምኒልክና ሩስፖሊ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ወፏን ያገኘ ተመራማሪ የለም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰሞን ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የመጣው እንግሊዛዊው ኮንስታንቲን ቤንሰን አሬሮ ላይ በጥድ ደን ውስጥ አገኛት። ይህ አጋጣሚ ብዙ ነገር ወሰነ ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ መኖሪያዋ የታወቀው የጥድ ደን ስለነበር የጥድ ደን ወፍ ተባለች፤ የሚፈልጓትም እዚያው ፈለጓት፤ ስለ ጥበቃዋ የሚያስብ ሰውም ያሰበው ስለ ጥድ ነበር። አሬሮ፣ ነገሌና ያቤሎ በመንግሥት መዝገብ ቅድሚያ ሊሰጣቸው ከሚገቡ ደኖች ተርታ ገብተዋል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ለወፎች አስፈላጊ ናቸው ያላቸውን 69 ሥፍራዎች ዘርዝሮ ሲያሳትም ይህ አካባቢም አልተረሳም።

እየቆየ ግን ሌላ ነገር ታየ። ሉካ ቦርጌሲዮ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በዚህ አገር እየተመላለሱ ያጠኑት እንደሚያሳየው ሶሪቷ ከደኑ እምብርት ይልቅ ዳር ዳሩን ትወዳለች። ደረቅ የወንዝ ጉድባ ይዛ ትወርዳለች፤ ግራርና ቁጥቋጦ በተቀላቀለበት ሥፍራም ትገኛለች፤ የሚያፈራ ዛፍ በተለይም ሾላ ካለ እርሻ መካከል ትገባለች። መኖሪያዋ ከተገመተው ሰፋ ብሎ ተገኘ። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ለዓመታት «ለመጥፋት ተጋላጭ» የሚል ደረጃ ነበራት፤ ዛሬ አንድ ደረጃ ቀለል ብሎላት «ለሥጋት የቀረበች» ከሚባሉት ጋር ተመድባለች።

መልካም ዜና ነው፤ እኔም ሳነበው ደስ ብሎኛል። ነገሌ ደርሼ በእግሬ ስዞር ግን ያ ደስታ ቀነሰ። ጫካን ብቻ የምትፈልግ ወፍ ብትሆን ኖሮ ጫካውን ከልሎ ጠባቂ ማቆም ይቻል ነበር። ይቺ ግን የምትበላው ሰው ማሳ ውስጥ ነው፣ የምትጠለለው በሰው ከብት ማሰማሪያ ነው። ዕጣዋ ያለው በየማሳው ዳር በቆሙ፣ ማንም ባልመዘገባቸው ዛፎች ላይ ነው። መዝገቡ የሚለካው የመኖሪያዋን ስፋት ነው፤ የሾላዎቹን ቁጥር የሚያውቅ የለም።

መሪያችን የነገሌ ልጅ ነው፤ ወፍ ማሳየት እንጀራው ሆኗል። በማለዳ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ መንደር ወስዶን ውኃ በሌለው ጉድባ ዳር ካለ አንድ ትልቅ ሾላ ፊት ለፊት አስቀመጠን። «ጋሼ፣ እኛ አንፈልጋትም፤ ዝም ብለን ከተቀመጥን እሷ ትመጣለች» አለኝ።

ሾላ በቅርብ ሲያዩት የሚገርም ዛፍ ነው። ፍሬው ከግንዱና ከወፋፍራም ቅርንጫፎቹ ላይ በዘለላ በዘለላ ተለጥፎ ይወጣል። ያልበሰለው አረንጓዴ ነው፤ የበሰለው ወደ ብርቱካንማ ቀይ ያደላል። መሬት ላይ የወደቀው ተፈርጦ ጉንዳን ወርሮታል፣ ሽታውም ጠላ ጠላ ይላል። ከብቶች በሌሊት መጥተው ያንን ሲለቅሙ እንዳደሩ ኮቴያቸው ይናገራል።

ድምጿ ቀድሟት መጣ፤ ከጉሮሮ የሚወጣ ሻካራ፣ የተቆራረጠ ጩኸት። ከዚያ ቅጠሉ ውስጥ ሩጫ ተሰማ። ሶሪት እንደ ሌላው ወፍ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ አትበርም፤ ትሮጣለች። አንደኛው የውጭ ጣቷ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ስለሚዞር ቅርንጫፉን እንደፈለገች ትጨብጣለች። ጅራቷን አንሥታ፣ አንገቷን አስግጋ፣ በአግዳሚው ቅርንጫፍ ላይ ሽው ብላ መጥታ ከፍሬው ዘለላ አጠገብ ቆመች። ሰውነቷ አረንጓዴ ነው፤ ጅራቷ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር። የጉትያዋ ጫፍ ደብዘዝ ያለ ቀይ እንደሆነ ያስተዋልኩት አጎንብሳ ፍሬ ስትቆነጥር ነው። አንድ ዋጠች፤ ሌላ ደገመች፤ ወደ እኛ አየች። ከዚያ ወደ ማዶው ግራር ልትሻገር ክንፏን ዘረጋች፣ ያ ቀይ ፏ አለ።

ስለዚያ ቀይ ትንሽ ልበል፤ ይገባዋልና። የብዙ ወፍ ላባ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የሚመስለው ብርሃንን በመበተን ነው። የሶሪት ዘሮች ቀይ ግን እውነተኛ ቀለም ነው፣ ውስጡም መዳብ አለው። አርተር ኸርበርት ቸርች የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1869 ይህን አረጋግጧል። ላባው የአመድ ውኃን በመሰለ ፈሳሽ ውስጥ ቢዘፈዘፍ ቀለሙ ይለቅቃል። እንዲህ ያለ ቀለም ከሶሪት ዘሮች ውጭ በሌላ ወፍ ላይ አልታወቀም። መዳቡን የምታገኘው ደግሞ ከምትበላው ነው፤ ፍሬው ሥሩ ከመሬት የሳበውን በቅንጣት በቅንጣት ለክንፏ ያቀብላል። እዚያ ጉድባ ዳር ተቀምጬ ያየሁት ቀይ ከነገሌ አፈር በሾላ በኩል አልፎ ነው ክንፏ ላይ የደረሰው።

ታዲያ አንድ ትልቅ ሾላ ለአንድ የሶሪት ቤተሰብ አይበቃም? አይበቃም። ምክንያቱ የሾላ ጠባይ ነው። ሾላ አበባው ፍሬ በሚመስለው ከረጢት ውስጥ የተደበቀ ነው፤ ወደ ውስጥ ገብታ የአበባ ብናኝ የምታደርስለት አንዲት ደቃቅ ተርብ ናት። እያንዳንዱ የሾላ ወገን የራሱ ተርብ አለው። ተርቧ የምትኖረው ጥቂት ቀን ነው፤ ከአንዱ ዛፍ ወጥታ ወዲያው ሌላ የደረሰ ዛፍ ካላገኘች ዘሯ ይቆማል። ስለዚህ የአንድ አገር ሾላዎች በአንድ ወር አያፈሩም። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል፤ ዓመቱን ሙሉ የሆነ ቦታ የሆነ ሾላ ይደርሳል። ሶሪቷ የምትኖረው በዚህ ተራ ነው። ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ጉድባ ወደ ሌላው እየተከተለች። ሩቅ በራሪ አይደለችም፤ በመካከሉ የምታርፍበት ጥድ፣ ወይራ፣ ግራር ያስፈልጋታል። አንድ ሾላ በተቆረጠ ቁጥር በዓመቷ መካከል ባዶ ወር ይገባል።

የጥዱ ነገርም አልተዘጋም። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ደን ውስጥ ስንሄድ ያየሁት ሽማግሌ ጥድ ነው፤ ልጅ ጥድ ለማየት ዐይን ይፈልጋል። ቡቃያውን ከብት ይረግጠዋል፣ ይግጠዋል፤ እሳት ሲነሣም ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው። የደረሰውን ደግሞ ምስጥ ስለማይበላው ለቤትና ለአጥር ሁሉም ይፈልገዋል። በዚህ ላይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፎ የቦረና ከብት አለቀ። ከብቱ ያለቀበት ሰው ምን ይሽጥ? በመንገዱ ዳር የተደረደረውን የከሰል ማዳበሪያ እያየሁ ለመቆጣት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። አንዱን ጆንያ የያዘችው ሴት ልጇን አዝላ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ሐሳቤን አወሳሰበብኝ። ከነገሌ በስተምሥራቅ የሊበን ሜዳ አለ፤ በዚያ ሣር ውስጥ የምትኖር አንዲት ትንሽ መሬት ለመሬት የምትሮጥ ወፍ አለች፤ በአፍሪካ ውስጥ ለመጥፋት እጅግ ከቀረቡት ወፎች አንዷ። እሷን የሚያጠፋት የዛፍ ማነስ ሳይሆን የቁጥቋጦ መብዛት፣ የሣሩ መጋጥና የእርሻ መስፋፋት ነው። የቦረና እረኛ በየጊዜው ሜዳውን በእሳት እያጸዳ ሣሩን ያድስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማቃጠል ተከለከለና ቁጥቋጦው ሜዳውን ወረሰ። እንግዲህ በአንድ ወረዳ ውስጥ አንዷ ወፍ ዛፍ ያጥራታል፣ ሌላዋን ቁጥቋጦ ይገድላታል። «ዛፍ ትከሉ» የሚለው አንድ ወጥ ትእዛዝ ለሁለቱም አይሆንም። በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ የሚወጣው ጉልበት ትልቅ ነው፤ እኔም በየክረምቱ እተክላለሁ። በመንገዴ ባየሁት አንድ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ግን ረድፍ ሙሉ ግራቪሊያና ባሕር ዛፍ እንጂ አንድም ሾላ አላየሁም። ግራቪሊያ ጣውላ ይሆናል። ሶሪት ግን ከእሱ የምትበላው የላትም። ሾላ ደግሞ ከቁራጭ ቅርንጫፍ ይበቅላል፤ የሚጠይቀው ከብት እንዳይነካው አንድ ሁለት ዓመት እሾህ ማጠር ነው።

ሌላ ሥጋትም አለ። ነጭ ጉንጯ ሶሪት ከደጋው ወርዳ ከነገሌዋ ጋር በምትገናኝበት አካባቢ ድቅሎች ታይተዋል። ተመራማሪዎች ይህን በዐይነ ቁራኛ ይከታተላሉ። ተጓዥ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ስለሌለ አልፈዋለሁ።

ሾላው ወዳለበት ማሳ ልመለስ። ወፏ ወደ ግራሩ ከተሻገረች በኋላ የማሳው ባለቤት መጡ። ሽማግሌ ጉጂ ናቸው፤ በትራቸውን ተደግፈው ከሾላው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በመሪያችን አስተርጓሚነት ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ተጠያየቅን። ከዚያ ጠየቅኳቸው፦ «አባቴ፣ ይህ ዛፍ ይህን ያህል መሬት ይዞብዎት እንዴት ሳይቆርጡት ቀሩ?»

መሪያችን ሲተረጉምላቸው ፊቴን አተኩረው አዩኝ። «ኦዳ ይቆረጣል እንዴ? አባቴም ከዚህ ሥር ተቀምጦ ነው ነገር ይሰማ የነበረው። የተጣላ ሰው እዚህ መጥቶ ይታረቃል። ከብቱ በቀትር የሚያርፈው እዚህ ነው። እኔ ነኝ የምቆርጠው?» አሉ።

በኦሮሞ ባህል ኦዳ ዝም ብሎ ጥላ አይደለም፤ የገዳ ጉባኤ የሚቀመጥበት፣ ሕግ የሚነገርበት ዛፍ ነው። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር የተጻፈው ስለ ሥልጣን ርክክቡና ስለ ሕጉ ነው፤ ስለ ወፍ ማንም አላነሣም። ይህችን ሶሪት እስከ ዛሬ ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ ግን ይህ ክብር ይመስለኛል። ደን ጠባቂ በሌለበት፣ ፓርክ ባልተከለለበት ማሳ ውስጥ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዛፉን ጠበቁት፤ ዛፉም ወፏን መገበ።

ልጃቸው በኋላ መጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። አማርኛ ስለሚችል በቀጥታ አነጋገረኝ። «አባቴ እውነቱን ነው፤ እሱ በሕይወት እያለ ማንም አይነካውም» አለ። ከዚያ እጁን ወደ በቆሎው ዘረጋ። በሾላው ጥላ ሥር ያለው በቆሎ ከጉልበት አላለፈም፤ ከጥላው ውጭ ያለው ከትከሻው በላይ ነው። «አራት ረድፍ በየዓመቱ ይበላብኛል። ማዳበሪያ ስንት እንደገባ ታውቃለህ ጋሼ? መሬቱን ደግሞ ከወንድሞቼ ጋር እካፈለዋለሁ። ለእኔ የሚደርሰኝ ይህ በኩል ከሆነ ምን ላድርግ?»

የምመልስለት አልነበረኝም። አባትየው የሚያወሩት ስለ ክብር ነው፤ ልጁ ስለ አራት ረድፍ በቆሎ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ወፏን የሚወድ ሰው ለሁለቱም መልስ ይዞ ካልመጣ ፎቶ አንሥቶ መሄዱ ምን ይጠቅማል? በአገሪቱ ውስጥ ለፓርክ መግቢያ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ለመኪናም ለካሜራም ዋጋ ተጽፏል። ዓለምን ዞሮ ለአንዲት ወፍ ነገሌ ድረስ የሚመጣ እንግዳ ግን ወፏን ለሚመግበው ዛፍ ባለቤት የሚከፍለው የተጻፈ ነገር የለም። ይህ በወረዳ ደረጃ በአንድ ስብሰባ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው፤ ሾላዎቹን መቁጠር፣ ባለቤታቸውን መመዝገብ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ድርሻቸውን መስጠት። የአራት ረድፍ በቆሎ ዋጋ አስቸጋሪ ሒሳብ አይደለም።

መሪያችን በራሱ መንገድ ጀምሮታል። እንግዳ ሲያመጣ ለማሳው ባለቤት ከኪሱ ትንሽ ያስይዛል። እኔም የድርሻዬን ለሽማግሌው ዘረጋሁ፤ እሳቸው በበትራቸው ወደ ልጁ አመለከቱ። ልጁ ተቀብሎ ቆጠረና ለመሪያችን በኦሮምኛ አንድ ጥያቄ ጠየቀው፤ መሪያችን እየሣቀ ለእኔ ተረጎመልኝ፦ «ሰዎቹ የሚመጡት በየትኛው ወር ነው ይላል።»

«እንደ ፍሬው ነው» አለው መሪያችን፣ አሁን በአማርኛ። «ያንተ ሾላ ሲያልቅ ከጉድባው ማዶ ያለው ይደርሳል። እዚያ እወስዳቸዋለሁ። እሱ ሲያልቅ እንደገና ያንተ ጋ።»

ልጁ ብሩን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ማዶ ተመለከተ። «እንግዲያው ለዚያኛው ባለቤት ዛሬውኑ ንገረው። የከብት መጠጫ ገንዳ እጠርብበታለሁ ብሎ ትናንት ማታ መጥረቢያዬን የተዋሰኝ እሱ ነው» አለ።

መሪያችን ቦርሳውን አነሣ። ጉድባውን ተሻግረን ወደዚያኛው ማሳ ሄድን።